በዱባለ ስም የመጣው ብልቃጥ

«ሰው የገደልኩ ይመስለኛል» አለ ዶክተር ሕዝቅኤል፣ እንግዳዋ ገና ሳትቀመጥ።

ቢልቂስ ሃሩን ወንበሩን ስባ ተቀመጠች። ሃምሳዎቹን የተሻገረች፣ ቀጠን ያለች፣ ሻርፗን ከአንገቷ የማትለይ ሴት ናት። አዲስ አበባ ሳለች የወንጀል መርማሪ ነበረች። ባሏን ተከትላ ጆሃንስበርግ መጣች፤ ባሏን እዚሁ ቀበረች፤ ከዚያ ወዲህ ለጠበቆችና ለኢንሹራንስ ድርጅቶች እየመረመረች ሜይፌር ውስጥ ብቻዋን ትኖራለች። ስልኳ ከዓርብ እስከ ሰኞ አንዴም ሳይጮህ የሚያልፍበት ሳምንት ብዙ ነው። በሥራ ዘመኗ ብዙ ገዳዮች አነጋግራለች፤ ከእነሱ መካከል «ይመስለኛል» ያለ አንድም አልነበረም።

«ማንን?» አለችው።

«ዱባለ የሚባል ሰው። ቮስሎሩስ ውስጥ ስፓዛ፣ ትንሽ የሰፈር ሱቅ፣ ነበረው። ፊቱን አይቼ አላውቅም። የማውቀው ሽንቱን ብቻ ነው።»

ሐኪሙ ይህን ሲናገር አልሳቀም፤ እሷም አልሳቀችም። ቢሮው ፓርክታውን ኮረብታ ላይ ነው፤ በመስኮቱ የክረምቱ ደረቅ ፀሐይ ይገባል። ዶክተር ሕዝቅኤል ሎኬሽን በሚባሉት የጥቁሮች ሰፈሮች ሱቅ የሚሠሩ ኢትዮጵያውያንን የሚያካትት ጥናት ይመራል።

«የሽንት ፊኛ ካንሰር ሲጀምር ድምፅ የለውም» አለ። «እርግጡን ለማወቅ ካሜራ ያለው ቀጭን ቱቦ በሽንት መውጫ ማስገባት ያስፈልጋል። ሰው ይፈራል፣ ያፍራል፣ ይቀራል። እኛ የምንፈልገው ሰውን ሳንነካ መጠርጠር ነው። የፊኛው ግድግዳ ህዋሳቱን ያረግፋል፤ ከሽንት ጋር ይወጣሉ። ካንሰር የጀመረው ህዋስ ዲኤንኤው ላይ ጤነኛው የሌለው ምልክት ይኖረዋል። ያን ምልክት ነው የምናነበው። አንድ ብልቃጥ ሽንት ይበቃናል።»

«የዱባለ ብልቃጥ ምን አለ?»

«ይህን ያህል ጎልቶ አይቼ አላውቅም። ሐሙስ ዕለት መልእክት ላክንለት፦ "የምርመራ ውጤትዎ አስቸኳይ ክትትል ይፈልጋል፤ እባክዎ ቶሎ ይምጡ" የሚል። ቅዳሜ ጧት ከሱቁ ጀርባ በምትገኘው መኝታ ክፍሉ ሞቶ ተገኘ። የከሰል ምድጃ አጠገቡ አለ። ጭሱ ነው የገደለው።» ስልኩን ወደ እሷ ገፋው። «ዓርብ ማታ ለጓደኞቹ ሁሉ የላከው ነው።»

ቢልቂስ መነጽሯን አድርጋ አነበበች፦ «ካንሰር ይዞኛል። ለማንም ሸክም መሆን አልፈልግም። ይቅር በሉኝ።»

«ቤተ ክርስቲያኑ ራሱን ላጠፋ ሰው ጸሎት አናደርግም ብሏል አሉ» ቀጠለ ሐኪሙ። «ዱራሜ ያሉት እናቱም እንደዚያው ተነግሯቸዋል። እኔም ጥናቱን ላቆመው ነው። ውጤት በስልክ መላክ አልነበረብኝም። ግን ከማቆሜ በፊት እውነቱን ማወቅ እፈልጋለሁ።»

«አስከሬኑ ተመርምሯል?»

«ዛሬ ነው። መርማሪውን አውቀዋለሁ።»

«እንግዲያው ይደውሉለት፤ ፊኛውን ከፍቶ በደንብ እንዲያይልዎ።»

«ለምን? ያለውን እናውቃለን እኮ።»

«የምናውቀው ብልቃጡ ያለውን ነው» አለችና ተነሣች።

* * *

በማግስቱ ረፋድ ቮስሎሩስ ከታክሲ ስትወርድ ብርዱ አጥንት ይበሳ ነበር። የዱባለ ሱቅ የብረት ፍርግርጉ ተዘግቷል። አንዲት የሰፈሩ አሮጊት ፍርግርጉ ፊት ቆመው ወደ ውስጥ ያያሉ። ቢልቂስ በዙሉ «ሳውቦና ጎጎ»፣ ጤና ይስጥልኝ እማማ፣ ብላ ሰላም አለቻቸው።

«ማይ ፍሬንድ ሞተ» አሏት አሮጊቷ በእንግሊዝኛ። ሰፈሩ ሁሉ ማይ ፍሬንድ ነበር የሚለው። በዚያ መንገድ ላይ ስንት ዓመት ዳቦና ስኳር ሲሸጥ ኖሮ እውነተኛ ስሙን የሚያውቅ ደንበኛ አልነበረውም።

ከመንገዱ ማዶ ያለው ሱቅ የካሚል ነው። ካሚል ከወራቤ የመጣ ወጣት ነው፤ ሬሳውን መጀመሪያ ያገኘውም እሱ ነው። ቢልቂስን ባንኮኒው ውስጥ አስገብቶ ባዶ የለስላሳ ሳጥን ላይ አስቀመጣት።

«የዳቦ መኪናው ጥሩንባ ቢነፋ፣ ቢነፋ አይከፍትም» አለ። «ጉንፋን ይዞት ስለነበር ተኝቶ ይሆናል ብዬ በጓሮ ዞርኩ። የግቢው በር ክፍት ነው። የክፍሉ በር ገጠም ብሏል። አንድ ነገር ጠለፈኝና ልወድቅ ስል በሩን ይዤ ተረፍኩ። ስከፍተው ያ ሽታ... ዱባለ አልጋው ላይ ነው። ነካሁት፤ ቀዝቅዟል። ሸፈንኩትና ፖሊስ ጠራሁ።»

«በምን ሸፈንከው?»

«በብርድ ልብስ።»

«ከአልጋው ላይ አንሥተህ?»

ካሚል ለመመለስ አፉን ከፈተና መልሶ ዘጋው። ፊቱ ላይ የማስታወስ ጥረት ታየ።

«አይ፣ እትዬ። የጠለፈኝ እሱ ነው። በሩ ሥር ነበር፤ ክፍተቱ ላይ ተወትፎ። እግሬ ሲመታው ተነቀለ። እሱኑ አንሥቼ አለበስኩት።»

«በሩን ከመክፈትህ በፊት ነው የጠለፈህ ወይስ ከከፈትክ በኋላ?»

«ከመክፈቴ በፊ...» ቃሉን አልጨረሰውም። ዓይኖቹ ፈጠጡ። «ያ አላህ! ውጭ ነበር። ብርድ ልብሱ በውጭ በኩል ነበር።»

«ውስጥ የተኛ ሰው በሩን ከውጭ አይወትፍም» አለች ቢልቂስ ቀስ ብላ። «ለማን ነገርክ?»

«ለማንም። ፖሊሶቹ ሲደርሱ ሬሳው ላይ ነበር፤ የራሱ ልብስ መሰላቸው። እኔም እስከዛሬ አላሰብኩትም። ጎረቤቴ ሞቶ ስለ ብርድ ልብስ ማን ያስባል?»

«አሁንም ለማንም አትንገር። ምድጃው የእሱ ነው?»

«እሱ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ነው ያለው። ያ የአገሬው ሰው ኢምባውላ የሚለው፣ የተበሳሳ ቆርቆሮ ነው። ከየት እንደመጣ አላውቅም። ዓርብ ዕለት እኔ በጊዜ ዘግቻለሁ።»

«መልእክቱን አይተኸዋል?»

«ደርሶኛል። ግን እኔ ፊደል አላነብም፤ የተማርኩት ቁርኣን ቤት ነው፤ የምጽፈውም በእንግሊዝኛ ፊደል ነው። ሌላ ሰው ነው ያነበበልኝ።»

«ዱባለ በፊደል ጽፎልህ ያውቃል?»

«ዱባለ? መጻፍ ሲያልፍም አይነካው። ሁሌም ድምፁን ነው የሚልከው።» ስልኩን አውጥቶ አንዱን ነካ። የሞተው ሰው ድምፅ፣ ጉንፋን ያፈነው፣ ሳቅ ያለበት ድምፅ፣ ሱቁን ሞላው፦ «ካሚሎ፣ ዳቦ ተርፎሃል? ደንበኞቼን ልትነጥቀኝ ነው እንዴ?» ካሚል ቶሎ ዘጋውና ጀርባውን ሰጥቶ የተደረደሩትን ሣጥኖች ማስተካከል ጀመረ። ሣጥኖቹ ግን ቀድሞውንም ተስተካክለው ነበር።

ቢልቂስ ጊዜ ሰጠችው። ከዚያ «ቤቱ ማን ይመጣ ነበር?» አለች።

«ማንም። እዚህ ማን ማን ቤት ይሄዳል? ሁሉም ከፍርግርጉ ጀርባ ነው የሚውለው።» ትንሽ አመነታ። «ኤርጎጌ አንዳንዴ ትመጣ ነበር። የአገሩ ልጅ ናት። ሰው ያወራል፤ እኔ አላወራም። ባሏ ምሕረቱ ነው፤ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ፤ ሱቁ ከዚህ ሁለት መንገድ ወዲያ ነው።»

* * *

ምሕረቱ ቁመተ ረጅም፣ ንግግሩ የታረመ ሰው ነው። አገር ቤት መምህር ነበር። ቢልቂስን ከሱቁ ጋር በተያያዘችው ቤታቸው በአክብሮት ተቀበላት።

«ያሳዝናል» አለ። «ዱባለ እንደ ወንድሜ ነበር። ግን ሰው ተስፋ ሲቆርጥ ጠላት መንገድ ያገኛል። ጉባኤው ላይ ጸሎት አይደረግለትም ሲባል እኔም ልቤ ተሰብሯል። ሥርዓት ነው፤ ምን ይደረጋል?»

«ዕለቱን እርስዎ ሬሳውን አይተዋል?»

«ፖሊስ ከመጣ በኋላ ነው የደረስኩት። ከግቢው በር አላሳለፉንም። ባላየው ይሻላል። ይታይዎት እስቲ፤ የበሩን ሥር በብርድ ልብስ ወትፎ፣ ከሰሉን አጠገቡ አስቀምጦ፣ ለብቻው ተኝቶ ሞትን ሲጠብቅ! እንዲህ ያለ ብቸኝነት ምን ይባላል?»

የቢልቂስ ፊት ላይ ምንም አልታየም። «እውነት ነው፤ ያስፈራል» አለች።

በዚህ መካከል ኤርጎጌ ሻይ ይዛ ገባች። አርባ ዓመት ገደማ የሚሆናት፣ ዝምተኛ ሴት ናት። ለሁለቱ ቀዳችና ለራሷ ሳትቀዳ ጥግ ተቀመጠች።

«አንቺስ?» አለቻት ቢልቂስ።

«ይቅርብኝ።»

ብዙም ሳትቆይ ተነሥታ ወደ ጓሮው መጸዳጃ ወጣች። ስትመለስ ግድግዳውን ተደግፋ ነበር። ጥቂት ቆይታ እንደገና ወጣች። ከንፈሯ ነጥቷል፤ የዓይኗ ቆብ ውስጡ ደም የለውም።

«ብርድ መቷት ነው» አለ ምሕረቱ የእንግዳዋን አስተያየት አይቶ። «የዘንድሮ ክረምት ሴቶቹን አሠቃየ።»

«ዱባለን ታውቂው ነበር?» አለቻት ቢልቂስ ኤርጎጌ ስትመለስ።

ኤርጎጌ ባሏን አየች። «የሰፈሬ ልጅ ነው» አለች።

* * *

ፌቨን፣ የጥናቱ ነርስ፣ ቢልቂስን የጠበቀቻት ከላቦራቶሪው ደጅ ነው። አዲስ አበባ ያደገች ወጣት ናት፤ ለቅሶ ዓይኗን አሳብጦታል።

«ሜሴጁን የላክሁት እኔ ነኝ» አለች። «ደውዬ ብነግረው ኖሮ... አይ ሚን፣ ብቻውን ባያነበው...»

«ሽንቱን ከእሱ የምትቀበዪውም አንቺ ነሽ?»

«አዎ። ሌሎቹ ስደርስ "ሲስተር፣ አንዴ ጠብቂኝ" ብለው ይገባሉ። እሱ ግን ሁሌም ሞልቶ ነው የሚጠብቀኝ። "ሲስተር፣ በደንብ እዩልኝ፣ አደራ" ይለኛል። ስለ ራሱ ሽንት እንደዚያ የሚጨነቅ ወንድ አይቼ አላውቅም።»

«ሌላ ያለሽ ነገር አለ?»

ፌቨን አሰበች። «አንድ ቀን በሽታው ሴትንም ይይዛል ወይ ብሎኛል። ይይዛል አልኩት። "ሴት ላይ ሲሆን ይድናል?" አለኝ። ቶሎ ከተገኘ አልኩት። በጣም ነው ደስ ያለው።»

ይህን ብላ ሳትጨርስ ዶክተር ሕዝቅኤል በሩን ከፍቶ ወጣ። ነጭ ካፖርቱን በአንድ እጅጌ ብቻ ነው የለበሰው።

«የአስከሬን መርማሪው ደወለ» አለ። «ፊኛው ንጹሕ ነው። አንዲት ቁስል የለችበትም። ኩላሊቱም፣ ቱቦዎቹም እንዲሁ። ምርመራዬ ውሸታም ነው ማለት ነው። ጤነኛ ሰው ታመሃል ብዬ ገደልኩ።»

«ምርመራዎ እውነት ከሆነና ሽንቱ የእሱ ካልሆነስ?» አለች ቢልቂስ።

ሐኪሙ ቆመ።

«የተረፈ አለዎት?»

«ማቀዝቀዣ ውስጥ አለ።»

«የወንድ ይሁን የሴት ማወቅ ይቻላል?»

ተመልሶ ገባ። የወንድ ዲኤንኤ ዋይ የሚባለውን ክሮሞዞም ይይዛል፤ የሴት አይዝም፤ ይህን ለመለየት ብዙ አያስቸግርም። ቢልቂስና ፌቨን አግዳሚው ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው ከሰዓት በኋላውን ጠበቁ። ሐኪሙ ሲወጣ ፊቱ የሌላ ሰው መስሏል።

«የሴት ነው» አለ። «ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የሴት ነው። እንግዲያው እዚህ ከተማ ውስጥ አንዲት የታመመች ሴት አለች። የሞተ ሰው ነው ብለን እኛ መዝገቡን ልንዘጋው ነበር።»

«አትዝጉት» አለች ቢልቂስ። «የት እንዳለች የማውቅ ይመስለኛል።»

በማግስቱ ኤርጎጌን ያገኘቻት ብቻዋን፣ ባሏ ዕቃ ሊያመጣ በሄደበት ሰዓት፣ ልብስ ስታሰጣ ነው። ሁለቱ ሴቶች በእርጥቡ አንሶላ መካከል ቆመው ለረጅም ጊዜ ተነጋገሩ። በመጨረሻ ቢልቂስ «ሳትፈቅጂ ከእኔ አፍ አይወጣም» አለቻት።

ኤርጎጌ በክንዷ ፊቷን ጠረገች። «ለእናቱ ሲባል እኔው እናገራለሁ» አለች።

* * *

እሑድ ከጉባኤ መልስ ሁሉም በዱባለ ሱቅ ውስጥ ተሰበሰቡ። ዶክተር ሕዝቅኤልና ፌቨን ከባንኮኒው ጎን ቆመዋል። ካሚል ፍርግርጉን ተደግፏል። ምሕረቱና ኤርጎጌ ወንበር ተሰጥቷቸዋል። የምርመራው ኃላፊ ሳጅን ንኮሲ በሩ ላይ ነው፤ አማርኛ አይሰማም፤ ቢልቂስ ግን የምትለውን አስቀድማ በእንግሊዝኛ ነግራዋለች።

«ዱባለ ራሱን አላጠፋም» ብላ ጀመረች።

ከዚያ በጣቷ መቁጠር ያዘች።

«በመጀመሪያ፣ መልእክቱ። ዱባለ ለማንም ጽፎ አያውቅም፤ ድምፁን ነበር የሚልከው። የመጨረሻው መልእክት ግን በፊደል የተጻፈ ነው፤ ስሕተት የሌለበት፣ የተማረ ሰው አማርኛ። ሊሞት የተዘጋጀ ሰው በዚያች ሰዓት ባሕርዩን ይለውጣል ብዬ አላምንም። ስልኩ መቆለፊያ የለውም፤ ደንበኛው ሁሉ ሲዋሰው ነበር። ማንም ሊጽፍበት ይችላል።

«ሁለተኛ፣ በሩ። ከበሩ ሥር ያለው ክፍተት በብርድ ልብስ ተወትፎ ነበር። የተወተፈው ግን ከውጭ ነው። ካሚል በሩን ሳይከፍት ነው የጠለፈው። ምድጃውም የዱባለ አይደለም። ስለዚህ ጉንፋን ለያዘው ሰው እሳት ይዞ የመጣ፣ ዱባለም አምኖ ያስገባው ሰው አለ።»

ካሚል አንገቱን ደፋ።

«ሦስተኛው ከሁሉ ይከብዳል። ዱባለ ካንሰር አልነበረበትም። ዶክተር፣ ይንገሯቸው።»

«ፊኛው ጤነኛ ነበር» አለ ሕዝቅኤል። «የተቀበልነው ሽንት የሌላ ሰው ነው። የሴት።»

ምሕረቱ ወንበሩ ላይ ተንቀሳቀሰ። «የሴት? የምን ሴት?»

ኤርጎጌ ብድግ አለች።

«የእኔ ነው» አለች። «ደም መሽናት ከጀመርኩ ቆየሁ። ወረቀቴ ጊዜው አልፏል፤ ስሜን ብሰጥ የሚይዙኝ መሰለኝ። ዱባለ "በእኔ ስም ይሂድ፤ ውጤቱ ሲመጣ እኔው ይዤሽ እሄዳለሁ" አለኝ። ብልቃጡን ጧት ጧት አመጣለት ነበር። እዚህ ቤት የምመጣው ለዚህ ነው። ሐሙስ ውጤቱን ሲነግረኝ "አይዞሽ፣ ሰኞ አብረን እንሄዳለን" ነው ያለኝ። ሊሞት የፈለገ ሰው እንደዚህ ይላል?»

ምሕረቱ ሚስቱን አየ። የፊቱ ቀለም ቀስ በቀስ ሄደ።

«አሁን አስቡ» አለች ቢልቂስ። «ያ መልእክት "ካንሰር ይዞኛል" ይላል። ሕመሙ የማን እንደሆነ የሚያውቁ ሁለት ሰዎች ብቻ ነበሩ፤ ዱባለና ኤርጎጌ። ሁለቱም እንደዚያ ብለው አይጽፉም። የጻፈው ዱባለ በእርግጥ ታሟል ብሎ ያመነ ሰው ነው። እንደዚያ ያመኑት እነማን ናቸው? ዶክተርና ፌቨን አምነው ነበር። ነገር ግን ስለ ብርድ ልብሱ አያውቁም፤ ዛሬ ከእኔ አፍ መስማታቸው ነው። ካሚል ስለ ብርድ ልብሱ ያውቃል፤ ነገር ግን ፊደል አይጽፍም፤ ጥፋተኛ ቢሆንም ኖሮ በውጭ በኩል ነበር ብሎ ራሱ ባልነገረኝ። ብርድ ልብሱን ካሚል ሬሳው ላይ ጣለው፤ ፖሊስ ሲደርስ በሩ ላይ አልነበረም፤ ካሚልም ለማንም አልተናገረም። በሩ ላይ እንደነበረ የሚያውቁ ካሚልና ወታፊው ብቻ ናቸው።» ወደ ምሕረቱ ዞረች። «እርስዎ ግን ሻይ እየጠጣን "የበሩን ሥር በብርድ ልብስ ወትፎ" አሉኝ። ከግቢው በር አላለፍኩም ባሉበት አፍ።»

ከውጭ የልጆች ኳስ ድምፅ ይሰማል። ምሕረቱ ለመካድ የፈለገ መሰለ፤ ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ። ከዚያ ዓይኑ ሚስቱ ላይ ቀረ።

«አለቀስሽለት» አለ። «ሐሙስ ዕለት እዚህ ቆሜ ነበር። ስልኩ ባንኮኒው ላይ ሳለ መልእክቱ ገባ፤ አነበብኩት። እሱ ቶሎ ደበቀው። ዕቃ ላመጣ ቶኮዛ ደርሼ ቤት ስገባ አንቺ ታለቅሻለሽ። ማንም ሳይነግርሽ! እናቴ የሞተች ዕለት እንኳ እንደዚያ አላለቀስሽም። ሰው የሚያወራው እውነት ነው አልኩ። ለውሽማዋ ነው የምታለቅሰው አልኩ።»

«ለራሴ ነበር» አለች ኤርጎጌ። «ለራሴ ነበር የማለቅሰው።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ነገርኩህ። መጀመሪያ ደም ያየሁ ዕለት ነገርኩህ። ምን አልከኝ? "በማን ኃጢአት ነው?" አልከኝ። ከዚያ በኋላ ብርድ ነው አልኩህ፤ አንተም ብርድ ነው ብለህ ተውከው። እሱ ግን ጠየቀኝ። ምን ሆነሻል ብሎ የጠየቀኝ እሱ ብቻ ነው።»

ምሕረቱ በሁለት እጁ ራሱን ያዘ። የቀረውን ማንም ሳይጠይቀው ተናገረ። ዓርብ ዕለት ምድጃውን ይዞ ሲመጣ ዱባለ «ምሕረቱ፣ እግዚአብሔር ይስጥህ፤ ብርዱ ሊገድለኝ ነበር» ብሎት ነበር። እስኪተኛ አጠገቡ ተቀምጦ ጠበቀ። የበሩን መወተፊያ ጧት ቀድሞ ደርሶ ሊያነሣው ነበር፤ ካሚል ቀደመው።

ሳጅን ንኮሲ ክንዱን ያዘው። ምሕረቱ በሩ ላይ ሲደርስ ወደ ሐኪሙ ዞረ።

«ትድናለች?» አለ።

ዶክተር ሕዝቅኤል መልስ ለመስጠት አፉን ከፈተ፤ ኤርጎጌ ግን ቀደመችው።

«ለእሱ አይንገሩት» አለች።

* * *

የዱባለ እናት እውነቱ በስልክ ተነገራቸው። ቤተ ክርስቲያኑም ጸሎት አደረገለት፤ አስከሬኑ ወደ ዱራሜ ሲሸኝ ጎጎዋን ጨምሮ የሰፈሩ ሰው ወጣ። ብዙዎቹ ስሙን የሰሙት ያን ቀን ነው። ዶክተር ሕዝቅኤል ጥናቱን አላቆመም፤ ውጤት በስልክ መላክን ግን አስቀረ። አሁን ፌቨን በእግሯ ሄዳ፣ ተቀምጣ፣ ፊት ለፊት ነው የምትናገረው።

ኤርጎጌ በገዛ ስሟ ሆስፒታል ገባች። የፈራችው አልደረሰባትም፤ ወረቀት የጠየቃትም አልነበረም። ዕጢው በቱቦ ተቆርጦ ወጣላት። ቢልቂስ በየሁለት ቀኑ እየሄደች አልጋዋ አጠገብ ትቀመጥ ነበር፤ ብዙም አያወሩም፤ ሁለቱም ዝምታ የለመዱ ሴቶች ናቸው።

ሐኪሙ የመጨረሻውን ውጤት ይዞ የመጣ ዕለት ከሰዓት በኋላ ነበር። ዕጢው ወደ ፊኛው ጡንቻ አልዘለቀም፤ ክትትል ያስፈልጋታል፤ ግን ትድናለች። ኤርጎጌ አመሰገነችው። እሱ ከሄደ በኋላ ስልኳን ከትራሷ ሥር አወጣች። ስሞቹን በጣቷ እያንሸራተተች ወደ ታች ወረደች፤ ተመልሳ ወደ ላይ ወጣች። እንደገና ወረደች። በመጨረሻ ስልኩን ደረቷ ላይ አስቀምጣ ኮርኒሱን ማየት ጀመረች።

ቢልቂስ ኮሪደር ላይ ከሐኪሙ ሁሉንም ሰምታ ነበር። ገብታ ወንበሯ ላይ ተቀመጠች።

«ምን ሆንሽ?» አለቻት።

«እድናለሁ አሉኝ» አለች ኤርጎጌ። እንባዋ በጆሮዋ ጥግ ወደ ትራሱ ወረደ። «እንዲህ ያለ ደስታ ለማን ይነገራል? የምነግረው ሰው አጣሁ።»

ቢልቂስ ሻርፗን ፈትታ ጭኗ ላይ አስቀመጠች፤ ወንበሩን ወደ አልጋው አስጠጋች።

«ለእኔ ንገሪኝ» አለች። «እኔ ገና ምንም አልሰማሁም።»

ኤርጎጌ ፊቷን ወደ እሷ መለሰችና፣ ከመጀመሪያው፣ ደም ካየችበት ጧት ጀምራ መናገር ጀመረች።